የእትዬ ዳፊና ግማሽ ዘፈን

ተግደርዳሪ የሌለበት መንደር እግዜር አልፈጠረም። ተራራውን ያቆማል፣ ወንዙን ይለቃል፣ ቤቱን በየገደሉ አፋፍ ይለጥፋል፤ ሲያበቃ «በሉ እንግዲህ እንዳይሰለቻችሁ» ብሎ አንድ ተግደርዳሪ ያስቀምጣል። ብላ ሲሉት «አሁን በላሁ»፣ ተቀመጥ ሲሉት «መቆም ይሻለኛል»፣ ዝፈን ሲሉት «ጉሮሮዬን ይዞኛል» የሚል ፍጡር። እናንተም ሰፈር አለ። የለም ብላችሁ አትማሉ፤ ምናልባት እናንተው ናችሁ። ለእኛ ለኦሬሽካ ሰዎች የደረሱን ክብርት እትዬ ዳፊና ናቸው። ለሌላው መንደር በማንኪያ የሰጠውን ለእኛ በአካፋ ነው የዛቀልን።

እርግጥ በእኛ በሮዶፒ ተራራ ትንሽ መግደርደር ጨዋነት ነው። ድግስ ላይ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሥቶ የዘፈነ ሰው «ምን አስቸኮለው?» ተብሎ ይታማል። ሲለምኑት መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ሲደግሙለት ፊቱን ያዞራል፤ ሲሠልሱለት ጉሮሮውን ይጠርግና ይዘፍናል። ማንም አይጎዳበትም፤ በዚያ መሃል ራኪያ የሚባለው አረቄያችንም ይቀዳል፣ ሰውም ይጫወታል። እትዬ ዳፊና ግን ከእናታቸው አንዲት ፍሬ መግደርደር ተቀብለው ማሳ ሙሉ አድርገውታል።

ገበታ ላይ ያየ ሰው ይመስክር። ጎረቤት ፓታትኒክ ጋግሯል እንበል፤ ድንቹና ናናው ከደጅ ይጣራል። እትዬ ዳፊና በአጋጣሚ በበሩ ያልፋሉ። ምንጊዜም በአጋጣሚ ነው።

«ይግቡ እንጂ እትዬ ዳፊና!»

«ኧረ እኔ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው።»

«በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሱ።»

«ሆዴ አይችልም፤ ሐኪሙም ከልክሎኛል።»

«አፈር ስሆን እትዬ!»

«እንግዲህ አፈር ከምትሆኚ…» ይሉና ይቀመጣሉ፤ ከወንበሩም ጫፍ ላይ ብቻ፣ አሁን ተነሥቶ እንደሚሄድ ሰው። ከዚያ ትሪው ባዶውን ይቀራል። ባለቤቲቱ ትሪውን ለማንሣት ራሱ ደግማ ትለምናለች።

አውቶቡስ ላይም ያው ነው። ወደ ከተማ የሚወርደው አንድ አውቶቡስ ነው፤ ሹፌሩ ያውቃቸዋል፣ ቆሞ በር ይከፍታል። «ሂዱ ሂዱ፣ ለእኔ ብላችሁ አትዘግዩ፤ እኔ ቀስ እያልኩ በእግሬ እወርዳለሁ» ይላሉ። በእግር ቢወርዱ እኮ የሚደርሱት ለማግስቱ ገበያ ነው! ተሳፋሪው ሁሉ በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይለምናል። ባለፈው አንድ እንግዳ ሰውዬ ግራ ገብቶት «ሴትዮዋ የንጉሥ ዘር ናቸው እንዴ?» ሲል «አይ፣ ዳፊና ናቸው» ብለው መለሱለት። እንግዳውም አንገቱን አውጥቶ ለመነ።

የጭስ ማውጫቸው የተቀጣጠለ ጊዜ ደግሞ መንደሩ በባልዲ ሲሯሯጥ እሳቸው እቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። «እትዬ ዳፊና፣ ይውጡ! ጣራው ነደደ!» አልናቸው። «እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፤ እኔ ምን አስቸገርኳችሁ?» አሉን። ፍንጣሪው ፀጉራችን ላይ እየወደቀ «በሞቴ ይውጡ፣ በልጆችዎ ይውጡ» እያልን ደጁ ላይ ተንበረከክን። በመጨረሻ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እሺ ያሉት እኛን ለማስደሰት እንደሆነ በሚያስታውቅ ፊት ወጡ።

በሠርጋቸው ቀን እንደ ደንቡ ሙሽራ ደፍ ላይ ቆማ አማት «ግቢ ልጄ» ብላ ትለምናለች። ሌላዋ ሙሽራ ጥቂት ቆማ ትገባለች። ዳፊና ቆመው ቆመው በረዶ መጣል ጀመረ ይባላል፤ አማትየው ድምፃቸው ተዘግቶ የሙሽራው እህት ለልመናው ተተኩ። ባለቤታቸው ጋሽ ኮልዮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ለምኜ አገባሁ፣ ለምኜ በላሁ፣ ለምኜ ተኛሁ፤ ስሞት ግን ሳልለመን ነው የምሄደው» ይሉ ነበር። እንዳሉትም አንድ ጧት እንጨት ሲፈልጡ ማንንም ሳያስቸግሩ ሄዱ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። እኔ ማኖል እባላለሁ፤ ጋይዳ ነው የምነፋው። ሙሉ የፍየል ሌጦ ብብቴ ውስጥ ወትፌ፣ ክንዴ እየጨመቀ ጣቶቼ ሲያዜሙ ነው የኖርኩት። የአጎቴ ልጅ ኔዳ ትዘፍናለች። ሁለታችን በሠርጉም በክርስትናውም አብረን እንሠራለን። ለራሳችን ያወጣነው ጥሩ ስም ነበረን፤ እትዬ ዳፊና «ስልቻውና ልጅቷ መጡ» ካሉ ወዲህ ግን የዱሮውን ስም የሚያስታውሰው የለም። አልበማችንም በዚያው ስም ነው የወጣው፤ ምን ይደረግ።

አልበሙ የተራራችን ዘፈን ነው። ከየሽማግሌው፣ ከየአሮጊቱ፣ ከየድግሱ ለቃቅመን፣ አጥንተን ጨርሰን ነበር። አንድ ዘፈን ብቻ ቀርቶናል። ኔዳ ግን ለዚያ ለአንዱ ብላ ነው ሌላውን ሁሉ የጀመረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሬሽካ በአንድ ጥልቅ ሸለቆ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ታች ወንዙ ይሮጣል፤ ወዲህ ማዶ የእኛ ቤት፣ ወዲያ ማዶ የእትዬ ዳፊና። በደህናው ዘመን፣ ኔዳ ነፍስ ሳታውቅ፣ የኔዳ እናት እትዬ ቶዶራ ከዚህ ማዶ፣ እትዬ ዳፊና ከዚያ ማዶ ድርቆሽ ሲያገላብጡ በሸለቆው ላይ ይዘፋፈኑ ነበር። አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትመልሳለች፤ በመሃል ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ እስኪደርስ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ልጅ ሆኜ ከድርቆሹ ክምር ላይ ተንጋልዬ ስሰማው፣ ተራራው ራሱ እያሰበ የሚነጋገር ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃም ዘፈኑ አላለቀም።

በዚያ ዘፈን የአንዱን ግማሽ ሌላ ሰው አይዘፍነውም። የጠያቂዋ የጠያቂዋ ነው፣ የመላሿም የመላሿ። በሰው ግማሽ የገባ ሰው ያንን ሰው ከዓለም ቦታውን እንደ ነሣው ይቆጠራል፤ በቀልድ እንኳ የሚሞክረው አልነበረም። ስለዚህ እትዬ ቶዶራ እቤታቸው ሾርባ እያማሰሉ ሲያንጎራጉሩ እንዲህ ብለው ይጠይቁና፦

«ከማዶ የምትጤሽው፣ እሳት ነሽ ወይስ ጉም?»

ዝም ይላሉ። መልሱ የሚወስደውን ጊዜ ያህል ማማሰያውን ይዘው ዝም። ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ እንደገና ዝም። ኔዳ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ያደገችው። ዘፈኑ እንዲያ የተሠራ ይመስላት ነበር። እናቷ ከሞቱ በኋላ ነው ገና፣ «ማኖል፣ እናቴ የተወችልኝ እኮ ጥያቄውን ብቻ ነው» ያለችኝ። መልሱ ያለው በመላው ዓለም አንድ ሰው ጋ ነው፤ እሱም ማን ጋ እንደሆነ አውቃችኋል።

ኔዳ ደግሞ በእትዬ ዳፊና ላይ ቂም ነበራት። ካቻምና የእትዬ ቶዶራ ቀብር ዕለት፣ መንደሩ ሁሉ እያለቀሰ፣ እትዬ ዳፊና ጥቁር ለብሰው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሁሉም ሙሾውን እሳቸው ያወጣሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ቆይተው፣ ቆይተው፣ ዞር ብለው ወደ ማዷቸው ወረዱ። «ዕድሜ ልክ አብራት ለዘፈነች ሴት አንድ ስንኝ ነፈገቻት» አለች ኔዳ። እኔም ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

እንግዲህ የቅዱስ ድሜጥሮስ ሰሞን፣ ከብቱ ከላይ ከግጦሽ ሲወርድ፣ ድምፅ ቀራጫችን ፕላመን ከፕሎቭዲቭ ከተማ መሣሪያውን በመኪና ጭኖ መጣ። ዘፈኖቹን ሁሉ ቀርጾ ጨረሰ። የቀረችው አንዷ ናት፤ እሱም የሚመለሰው በማግስቱ ነው። ሦስታችን ወደ እትዬ ዳፊና ተሻገርን።

ስንደርስ ደጁ ተጠርጓል። ገበታው ቀርቧል፤ ፓታትኒኩ በፎጣ ተሸፍኖ ይጨሳል፤ ራኪያው ከነብርጭቆው። እሳቸው አዲስ ሻሽ አስረዋል። ጓዳ ውስጥ በጨው ውኃ ሲጉመጠመጡ ከደጅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! «ዛሬስ ለታላቅ ልመና ተዘጋጅተዋል» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ወገቤን አላልቼ፣ እስኪመሽ ለመለመን ቆርጬ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ዳፊና፣ የመጣንበትን ያውቁታል፤ ያቺን ዘፈን እንዲሉልን ነው።»

«እኔ? ኧረ እኔ ምን ድምፅ አለኝና! ጉሮሮዬን ከትናንት ጀምሮ ይዞኛል። ወጣቶች አሉ፣ እነሱ ይዝፈኑ።»

አፌን ለሁለተኛው ልመና ስከፍት ኔዳ ቀደመችኝ። ከተማ ተምራ፣ ከተማ ኖራ፣ ሰው የማያስቸግር ትሕትና ለምዳለች። ደግሞም ያ ቂም አለ። ተነሣችና፣ «ግድ የለም እትዬ። ካልተመቸዎት አናስገድድዎትም። ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን» አለች።

ምነው ባልሰማሁ! እትዬ ዳፊና ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። እጃቸው የፎጣውን ጫፍ ይዞ ቀረ። ፕላመን ምንም አልገባውም፤ «ደህና ይሁኑ እማማ» ብሎ ተከተላት። እኔ ልቆይ ልሂድ ስል እትዬ ዳፊና «ሂድ፣ ጓደኞችህ ጥለውህ ሄዱ» አሉኝ። ድምፃቸው እኮ ደህና ነበር፤ እንደ ደወል ጥርት ያለ።

ቁልቁለቱ ላይ ደረስኩባት። «ኔዳ፣ ተመለሺ! ምን ማድረግሽ ነው?»

«አይሆንም አሉ እኮ፣ ማኖል።»

«አይሆንም ማለት እኮ ድገሚኝ ማለት ነው! የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም?»

«የእናቴን ዘፈን ለማግኘት እናቴን በመጨረሻዋ ቀን የናቀቻትን ሴት እግር ሥር አልወድቅም። እኔ ጠየቅሁ፤ እሷ እምቢ አለች። አለቀ።»

ቃሏ ጠንካራ ነበር፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። መልሱ ከዚያች አሮጊት ጋር እንደሚቀበር ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

ድልድዩን ሳንሻገር ወሬው ቀድሞን ተሻግሯል። ሱቅ በር ላይ ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ጠበቁን። «አንዴ ብቻ ለምናችኋቸው ሄዳችሁ? ዳፊናን? አንዴ ብቻ?» አለችኝ ባለሱቋ። «ምነው ማኖል፣ ሰው ትገድላላችሁ እንዴ!» ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ከእትዬ ዳፊና ቤት ጭስ አልወጣም። ማዶ ለማዶ ዓይኔን ጥዬ ዋልኩ፤ ምንም።

በማግስቱ ጧት ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ ሸለቆውን እስከ አፍ ሞላው። እንዲህ ባለ ጧት ኦሬሽካ ትጠፋለች። ዶሮ ሲጮህ ከየትኛው ማዶ እንደሆነ አይለይም፤ ሰው የገዛ አጥሩን ሲነካ ይደነግጣል። ፕላመን ደጃችን ላይ ዕቃውን ወደ መኪናው እየጫነ ነበር። ኔዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ባዶ ሲኒ ይዛለች። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የምርኩዝ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ቁና ቁና የሚል ትንፋሽ፤ ቀጥሎ ሻሽ።

እትዬ ዳፊና ነበሩ። ያንን ቁልቁለት ወርደው ያንን አቀበት ወጥተው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ማንም ሳይጠራቸው! ወይ ጉድ! ተነሥቼ ቆሜ ቀረሁ። «ይግቡ» ማለት እንኳ ጠፋኝ። እሳቸውም ሳይባሉ ገቡ። ከብብታቸው በገዛ እጃቸው የሠሩትን የሱፍ ካልሲ አወጡና የኔዳ ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እስቲ ያቺን ዘፈን ከእኔ ጋር በይልኝ።»

ኔዳ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«አልችልም እትዬ። ጉሮሮዬን ይዞኛል።»

ንዴት መሆኑ ይታያል፤ ደረቅ ያለ፣ የሚያቆስል አባባል ነበር። እትዬ ዳፊና ግን አልተቆጡም። ምርኩዛቸውን ደረጃው ላይ አጋድመው ከአጠገቧ ተቀመጡ።

«በእናትሽ ቀብር በር ላይ ቆሜ ነበር። አየሽኝ?»

«አየሁዎት። አንድ ቃል አላወጡም።»

«ማን ለመነኝ?» አሉ እትዬ ዳፊና፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሁሉም ያለቅሳል። ‹ዳፊና፣ በሞቴ አውጪላት› ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሐዘን ልመና የለውም ብለው ነው። እኔ ደግሞ ሳልለመን አፌ አይከፈትም፤ ኩራት ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ይይዘኛል ልጄ፣ እንደ ዲዳ ይይዘኛል። ቆሜ ጠበቅሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የምትለምነኝ እሷ ነበረች፤ ገና ድርቆሹን ሳንነካ ‹ዳፊና በሞቴ፣ ዳፊና አፈር ስሆን› እያለች ከዚህ ማዶ ትጮህልኝ ነበር። ያን ቀን ደግሞ የተኛችው እሷ ናት።»

ኔዳ ካልሲውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆየች። ጉሙ በደረጃው ላይ በቀስታ እያለፈ እግራቸውን ይሸፍን፣ ይገልጥ ነበር። እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«ቀስቅሼ አላስለምናት ነገር» አሉ እትዬ ዳፊና። «ትናንት ደግሞ አንቺ ስትመጪ፣ የቶዶራ ልጅ መጣችልኝ፣ አሁን ትለምነኛለች፣ ይፈታልኛል ብዬ ጨው ተጉመጥምጬ ጠበቅሁሽ። አንቺ ደግሞ አመስግነሽኝ ሄድሽ።»

ኔዳ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሳታፍር፣ እንደ ልጅ። እትዬ ዳፊናም በሻሻቸው ጫፍ ዓይኗን ጠረጉላት፤ «በቃ፣ በቃ፤ እንግዲህ ተነሺና እንዝፈን» አሏት።

ኔዳም አፍንጫዋን እየሳበች፣ «ኧረ እኔ ዛሬ ድምፅም የለኝ» አለች፤ አሁን ግን ሌላ ነው፤ ከእንባው ሥር ትንሽ ፈገግታ ነበር። «ወጣቶች አሉ፣ እነሱ ይዝፈኑ።»

እትዬ ዳፊና ፊታቸው በራ! «ይኸው!» ብለው ጭኗን መታ መታ አደረጉ። «ይኸው፣ የቶዶራ ልጅ! ማኖል፣ ሰማሃት? እንዲህ ነው እንጂ እምቢታ!» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ልመና ጀመሩ። ጌታ ሆይ፣ እንዴት ያለ ልመና! ዕድሜ ልካቸውን የተለመኑትን ሁሉ በሆዳቸው አከማችተውት ኖሮ አሁን ዘረገፉት። በእናቷ አጥንት፣ በራሳቸው ሞት፣ በጋሽ ኮልዮ መቃብር፣ በሚያማቸው ጉልበት፣ ገና ባልተወለዱት በኔዳ ልጆች ለመኗት። ኔዳ ፊቷን ታዞራለች፤ እሳቸው ዞረው ከፊቷ ይቆማሉ። ኔዳ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፤ እሳቸው ትከሻዋን ይስማሉ። ፕላመን ማይክራፎኑን ታቅፎ መጣና በጆሮዬ፣ «ተስማሙ?» አለኝ።

«አይ፣ ገና እየተለማመኑ ነው።»

«ታዲያ ዕቃውን ላውርድ ወይስ ልጫን?»

«አውርድ ወንድሜ፤ አውርድና ተቀመጥ።»

ሲደክማቸው፣ ሲያስቃቸው፣ ኔዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። ያኔ ግን እትዬ ዳፊና ሌላ ነገር አመጡ፤ ዘፈኑ እቤት ውስጥ አይባልም፤ ፊት ለፊት እየተያዩም አይባልም። ኔዳ ከዚህ ማዶ፣ እሳቸው ከዚያ ማዶ፣ ሸለቆው በመሃል። ፕላመን ኧረ ጉም ነው፣ ኧረ እርጥበት ነው ሊል ሲል በዓይናቸው አንዴ አዩት፤ መሣሪያውን ለሁለት ከፈለ። አንዱን ከኔዳ አጠገብ ተከለ፤ ሌላውን በጀርባዬ አሸክሞኝ ከእትዬ ዳፊና ጋር ወረድን። እኔ ጋይዳዬንም ልይዝ ስል፣ «ያንን ፍየልህን እቤት ተወው፤ ዛሬ እሱን የጠራው የለም» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ከብብቴ ያልተለየውን ስልቻ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሄድኩ፤ አልከፋኝም።

ድልድዩን ተሻግረን አቀበቱን ቀስ እያልን ወጣን። ከድርቆሹ ሜዳ ጫፍ ቆሙ። ፊታችን ነጭ ብቻ ነው፤ ማዶ የለም፣ ወንዝ የለም፤ ወንዙ ከሥር ሆኖ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። ቆምን። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም፤ እንዲህ ባለ ጉም ውስጥ ጊዜ ራሱ ተኝቶ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ መጣ።

«ከማዶ የምትጤሽው፣ እሳት ነሽ ወይስ ጉም?»

የኔዳ ድምፅ ነው፤ እኔ ግን መሐላ አልፈራም፣ እትዬ ቶዶራ ነበሩ። የቃሉ አጎታተት፣ መጨረሻ ላይ ድምፁን ወደ ላይ ወርውሮ መልቀቁ፣ ሁሉ የእሳቸው። እትዬ ዳፊና እጅጌዬን ያዙ። ያንን ጥንካሬ ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ክንዴ ለሳምንት ጠቁሮ ቆይቷል። ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም ደግሞ ያ እንደ ዲዳ የሚይዛቸው ነገር ያዛቸው ብዬ ፈራሁ። ከማዶም ዝም ነው፤ ኔዳ የእናቷን የማማሰያ ዝምታ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ ደረታቸው ተነሣ፦

«እሳትም አይደለሁ፣ ጉምም አይደለሁም፤
እህቴን ሳልሰማ፣ ጎኔን አላሳርፍም።»

ያ አሮጌ ገላ ያንን ድምፅ የት አስቀምጦት ነበር! ጉሙን እንደ መጋረጃ ገልጦ ሄደ። ከማዶ ኔዳ ትንፋሿ ሲቆረጥ የሰማሁ መሰለኝ። መልሱን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠይቅ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅም እንባም ነበረበት፤ ሁለተኛው መልስ ሄደላት። እንዲህ እየተጠያየቁ፣ እየተመላለሱ፣ ያ ነጭ ባዶ ነገር ቀስ በቀስ በድርቆሽ፣ በበጋ፣ በሞቱ ሰዎች ተሞላ። እኔ አለቀስኩ። መሣሪያውን ይዤ ስለነበር እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም፤ ፈሰሰ።

ዘፈኑ አለቀ። ኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ፕላመን ነው። «ማኖል፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ግን መጨረሻው ላይ የበጎች ቃጭል ገባብኝ፤ ከላይ የሚወርዱት በጎች አጠገባችን ነበሩ። የመጨረሻዋን አንዴ ቢደግሙልኝ… ይቻል ይሆን?»

ይቻል ይሆን ይለኛል! ከእንግዲህ እስከ ገና ልመና ነው ብዬ አሰብኩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ፣ ጉልበቴን አዘጋጀሁ፣ ከየትኛው መሐላ እንደምጀምር መረጥኩ።

«እትዬ ዳፊና… ፕላመን የመጨረሻዋ አንዴ ትደገም ይላል።»

«እሺ» አሉ።

እንዲሁ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ወደ ማዶ እያዩ፣ «እሺ»።

ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ስለምናቸው፣ አቤቱታዬን ሰምተው በመጀመሪያው ቃል እሺ ብለውኝ አያውቁም። ለማንም ብለው አያውቁም። ዘወር ብዬ አየኋቸው፤ አዲሱ ሻሽ ሥር ትንሽ ሴት ናቸው፤ ለካ እንዲህ ትንሽ ናቸው። በመጀመሪያው ቃል እሺ የሚሉ እትዬ ዳፊና እንዴት ያሉ ሰው ናቸው? ነገ ጎረቤት ሲያልፉ አይቶ ዝም ይላል፤ አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ ሰው «እሳቸው እንደሆኑ እሺ ይላሉ» ብሎ ይረሳቸዋል። እኔ ያንን ኦሬሽካ አልፈልገውም። ሲያማርሩኝ፣ ሲያደክሙኝ፣ ሲያስለምኑኝ የኖሩትን ሴትዮ ነው የምፈልገው።

መሣሪያውን ድርቆሹ ላይ አስቀመጥኩና እርጥቡ ሣር ላይ በሁለት ጉልበቴ ተንበረከክሁ።

«በሞቴ እትዬ ዳፊና! አፈር ስሆን! በዚች በቆምንባት መሬት፣ አንዴ ብቻ ይድገሙልን!»

«እሺ አልኩህ እኮ፣ አንተ ስልቻ!» አሉኝ። ነገር ግን እንድነሣ አልነገሩኝም። ወገባቸው ቀና አለ፤ አገጫቸው ከፍ አለ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማዶ ኔዳ ትጠብቅ፣ ፕላመንም ይጠብቅ ብዬ፣ እስኪበቃቸው ድረስ ለመንኳቸው።